ቡጋንቪላን ከውርጭ በፊት እንዴት እናስተኛው?

አዲስ አበባ አጥር ላይ እንደ ልቡ የሚንዠረገገው ቡጋንቪላ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሲመጣ ማሰሮ ውስጥ ይኖራል። ዘሩ ከብራዚል ነው፤ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ ቅዝቃዜው ሳይደርስ አዘጋጅቶ ማስተኛት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከእንቁጣጣሽ ነው። ማዳበሪያ አቁሙ። ማዳበሪያ ያገኘ ተክል ለምለም ቅጠል ማውጣቱን አይተውም፣ እኛ ደግሞ እንዲያርፍ ነው የምንፈልገው። ውሃውንም ቀስ በቀስ ቀንሱ።

በመስቀል ሰሞን ቅጠሉን እየገለበጣችሁ እዩ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከተለጠፈበት ተባይ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ በውሃ በጥብጡና በጨርቅ ጥረጉት። እንዲሁ ካስገባችሁት የቤቱን ተክል ሁሉ ያዳርሰዋል።

ሌሊቱ ወደ 50 ዲግሪ ፋራናይት (10 ሴልሺየስ) መውረድ ሲጀምር ወደ ውስጥ ይግባ። ከዚያ በፊት ቅርንጫፎቹን አንድ ሦስተኛ ያህል ቁረጡ። ወፍራም ጓንት አትርሱ፣ እሾሁ ቀልድ አያውቅም። አበባው ያሳዝናል ብላችሁ አትሳሱ፤ የሚያብበው አዲስ በሚያወጣው ቅርንጫፍ ላይ ነው። (በነገራችን ላይ ያ ደማቅ ቀለም ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት።) ማሰሮ ግን አሁን አትቀይሩለት፤ ሥሩ ስስ ነው።

የት ይቀመጥ? ሳሎን እንዳታደርጉት። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩት። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የጠማው መስሎኝ በየቀኑ አጠጣሁት። በገና ሰሞን ግንዱን ብነካው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ በስብሶ ጥቁር ሆኗል፣ ይሸታል። ለካ አልጠማውም ነበር፤ እንቅልፍ ይዞት ነው።

ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ፋራናይት የሚሆን ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ይበቃዋል። ቅጠሉ ከረገፈ ብርሃን ባይኖርም ግድ የለም። በወር አንዴ ገደማ፣ አፈሩ ጭራሽ እንዳይደርቅ ያህል ብቻ፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉለት። ማሰሮው ሥር ውሃ ከተጠራቀመ አብዝታችኋል።

ጥር ላይ ደረቅ እንጨት ይመስላል። የቤት ሰው «ይሄን ነገር አትጥሉትም?» ማለቱ አይቀርም። በጥፍራችሁ ቅርፊቱን ጫር አድርጉት። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብላችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ጫፉ ደርቆ ግንዱ ደህና የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

መጋቢት ላይ ወደ መስኮት አምጡትና ውሃውን ጨምሩ። ወደ ደጅ የሚወጣው የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔም የመጀመሪያውን ሳምንት ጥላ ስር ይዋል፤ ቤት ውስጥ የበቀለን ለጋ ቅጠል ፀሐይ ወዲያው ይለበልበዋል።