ጨቅላ ልጅሽን ከመንጋጋ ቆልፍ ለመጠበቅ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የስምንት ቀን ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። የተወለደው እቤት ነው። «እስከ አምስተኛው ቀን ደህና ጠባ፤ ከዚያ ጡት አልይዝ አለ» አሉኝ አያቱ። በር በተንኳኳ ቁጥር መላ አካሉ ይገተር ነበር። ጋቢውን ስገልጠው እትብቱ ላይ ቅቤ አየሁ። ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ለእርግዝና ክትትል ለምትመጣ ሁሉ ይህን ሳልነግራት አልሸኛትም።

የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም አፈርና እበት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ባልጸዳ ምላጭ ወይም በተቀባ ነገር እትብት ውስጥ ከገባ መርዝ ያመነጫል። ልጁን የሚጎዳው ይህ መርዝ ነው። አንዴ ነርቭ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ የሚያስለቅቀው መድኃኒት የለም። የጨቅላ ሰውነት የራሱን ፀረ አካል፣ ማለትም መርዙን የሚከላከል የደም ንጥረ ነገር፣ ለመሥራት ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ መርዙ በቀናት ውስጥ ይቀድመዋል። በሽታውን የሚያመጣው የመርዝ መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰውነት አይማርበትም። ታሞ የዳነ ሰው እንኳን መከተብ አለበት።

ስለዚህ ልጅሽ የሚወለደው አንቺ በሰጠሽው መከላከያ ነው። የቴታነስ ክትባት ስትከተቢ ደምሽ ውስጥ የሚሠራው ፀረ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ይሻገርለታል። አብዛኛው የሚሻገረው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው።

ተከትበሽ የማታውቂ ከሆነ እርግዝናሽን እንዳወቅሽ የመጀመሪያውን ውሰጂ። ሁለተኛው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ነው፤ ከመውለድሽም ቢያንስ 2 ሳምንት መቅደም አለበት። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ያቆማሉ። አታቁሚ፣ እህቴ። ሦስተኛው ከሁለተኛው 6 ወር በኋላ፣ አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ በየ1 ዓመቱ ይቀጥላሉ። ሁለቱ ብቻ የሚያቆዩሽ 3 ዓመት ያህል ነው፤ አምስቱ ግን የመውለጃ ዕድሜሽን በሙሉ ይሸፍናሉ። ካርድሽን ከመታወቂያሽ ጋር አስቀምጪው። ካርድ ጠፍቶባት ከአንድ ጀምራ የምትቆጥር እናት ሳይ ያሳዝነኛል።

የምትወልጂው ጤና ጣቢያ ይሁን። ምጡ ድንገት እቤት ከያዘሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስጠሪ፤ አዲስ ምላጭ፣ ንጹህ ክር፣ በሳሙና የታጠበ እጅ ይኑር።

እትብቱን በተመለከተ ምንም አትቀቢ። ቅቤ፣ እበት፣ አመድ፣ ቅጠል፣ አንዳቸውም አይነኩትም። የሚቀባው ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ጄል ብቻ ነው። እሱም ለእትብት ብቻ ነው፤ ዓይን ከነካ ይጎዳል፣ ስለዚህ ከዓይን ጠብታ ጋር አንድ ላይ አታስቀምጪው። አማትሽ «እኛ ልጆቻችንን በቅቤ ነው ያሳደግን» ቢሉሽ አትጣይ። እኔ «እማማ፣ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉላት» እላለሁ። ብዙ ጊዜ እሺ ይሉኛል።

እንገርሽንም አትጣይው፤ አንጀቱን ከብዙ በሽታ ይጠብቅለታል። የክትባቱን ቦታ ግን አይተካም።

ኢትዮጵያ በ2017 እ.ኤ.አ. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ ተረጋግጧል። ይህ ማለት በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ልጆች የሚያዙት ከ1 በታች ሆነዋል ማለት ነው። በሥራዬ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ጀርሙ ግን ከአፈራችን አልወጣም። ልጅሽም የራሱን መከላከያ እንዲሠራ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ አስከትቢው፤ ከአንቺ የወሰደው እየቀነሰ ይሄዳልና።

በመጀመሪያው ወር ደህና ይጠባ የነበረ ልጅ ጡት መያዝ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከተጨማደደ፣ ሲነካ ወይም ድምፅ ሲሰማ ከተገተረ፣ ነገ አትበይ። በማንኪያ ውኃም ሆነ ቅቤ አትስጪው፤ ትን ይለዋል። አፍንጫው ሳይሸፈን ከፀሐይ ከልለሽ፣ ከጫጫታ አርቀሽ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ። የክትባት ካርድሽንም ያዢ።