ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት ትምህርት እንዴት ይጀመራል?

ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ጉልበቱ የተቀደደ የልጅ ሱሪ የሌለበት ቤት ደሴ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ሰፊ ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ሌላው ፌስታል ውስጥ ታስሮ አልጋ ሥር ይቀመጣል። የሰፈር ትምህርት መጀመር ያለበት ከዚህ ፌስታል ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ሰው ስፌት ማስተማር ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት ቀሚስ መቁረጥ ነው። አዲስ ጨርቅ ይገዛል፣ መቀሱ ይሳሳታል፣ ተማሪዋም ደንግጣ በዚያው ትቀራለች። የተቀደደ ሱሪ ላይ የተሳሳተ ሰው ግን ምንም አይከስርም። ከተሳካለት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሚለበስ ነገር ይዞ ቤቱ ይገባል።

ቦታውና ሰዓቱ

የእድር ቤት ይበቃል። ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሰውም ያውቀዋል። ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ለመስፋት መስኮት አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ ቀኑ ቶሎ ይጨልማል፣ ስለዚህ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ጥሩ ነው። አርብ ቀትር ጁምዓ አለ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ለሁሉም ይመቻል። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰዓቱን ከተማሪዎቹ ጋር ተማክራችሁ አሻሽሉ።

ለአንድ አስተማሪ ከ10 ሰው በላይ አትቀበሉ። እጅ ይዞ ማሳየት የሚጠይቅ ሙያ ነው፣ ከዚያ ካለፈ አስተማሪው አይዳረስም።

አስተማሪ ማግኘት እዚህ አካባቢ እንደ ሌላው ቦታ አይከብድም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ኮምቦልቻ አለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። ስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የሠራ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፋብሪካ ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ አንዷ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ ኪስ ብቻ ስትሰፋ ልትኖር ትችላለች። ፍጥነቷና ንጽህናዋ ትልቅ ትምህርት ነው። ልብሱን ከመለካት እስከ ካውያ የሚያውቀው ደግሞ የሰፈር ሰፊ ነው። ሁለቱን አጣምሩ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት የእጅ መርፌ፣ ጥቁርና ነጭ ክር፣ ጥቂት መርፌ ቁልፍ። በጋራ ደግሞ ሜትር፣ ካውያ፣ ለጨርቅ ብቻ የሚያገለግል መቀስ። ያ መቀስ ወረቀት ከቆረጠ ይደንዛል፣ ስለዚህ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ለምልክት ያለቀ የሳሙና ቁራጭ ይበቃል፤ በእጥበት ይጠፋል። ስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ቢሆን እመርጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አይቋረጥም፣ ፍጥነቱንም ጀማሪ ይቆጣጠረዋል። ለ10 ሰው ሁለት መኪና ካለ ይሠራል፤ ሌሎቹ በእጅ እየሰፉ ተራ ይጠብቃሉ።

እናቶች ልጅ ይዘው ይመጣሉ። ይምጡ። መርፌዎቹን ግን ሲከፈትና ሲዘጋ ቁጠሩ።

መጀመሪያ በእጅ

ክሩን ከክንድ አታስረዝሙት። ረጅም ክር ይተበተባል። መጀመሪያ ተራውን ስፌት፣ ቀጥሎ መርፌው በተወጋ ቁጥር ትንሽ ወደኋላ እየተመለሱ መስፋትን አስተምሩ። ይህ ሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ የተተረተረ ብብትና የሱሪ መቀመጫ የሚሰፋው በሱ ነው።

ቁልፍ መትከል ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው ቁልፉን ጨርቁ ላይ አጣብቆ ይሰፋዋል። ከዚያ አልቆለፍ ይላል፣ ሲታገሉትም ይበጠሳል። ቁልፉ ላይ አንድ የክብሪት እንጨት አጋድሙና በላዩ ላይ ስፉ። ሲያልቅ እንጨቱን አውጡት፣ ቁልፉን ወደ ላይ ሳቡት፣ ከሥሩ የላላውን ክር ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥማችሁ ቋጩት። አንገት ያለው ቁልፍ ዓመታት ይቆያል።

ጉልበት ሲጣፍ እራፊው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበልጥ። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጨርቅ አብሮ ሳስቷል፣ እዚያው ጠርዙ ላይ ከሰፋችሁት በሳምንቱ ይቀደዳል።

ከዚያ መኪና

የመጀመሪያውን ቀን ክር አታስገቡ። መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ስጧቸውና መስመሩን ተከትለው በባዶ መርፌ ይንዱ። እግርና እጅ የሚስማሙት እዚህ ላይ ነው፣ ጨርቅም አይባክንም። መርፌው በወረቀት ስለሚደነዝዝ ለዚህ አሮጌ መርፌ ተጠቀሙ።

መርፌ እንደ ጨርቁ ይለያያል። ለስስ ጨርቅ 11፣ ለመደበኛው ጥጥ 14፣ ለጂንስ 16 ቁጥር። መኪናው ስፌት እየዘለለ ከሰፋ መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ። ከጨርቁ ሥር ክር ተጠቅልሎ ጎጆ ከሠራ ደግሞ ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ነው፤ በትክክል አልገባም ማለት ነው። አውጥታችሁ፣ የመኪናውን እግር አንስታችሁ፣ እንደገና አስገቡት። ዘይት የምታጠጡት ትምህርቱ ሲያልቅ ይሁን። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ስፉበት፣ ያለበለዚያ የሰው ነጭ ነጠላ ይቆሽሻል።

ልብስ አያያዝ

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ እኔ ግን ሙሉ ቀን እሰጠዋለሁ። ከሰልባጅ የሚገዛው ልብስ ምልክቱ ተቆርጦ ከመጣ ከምን እንደተሠራ አይታወቅም። ከውስጥ ስፌቱ ጥቂት ክር መዝዛችሁ በጉጠት ያዙና ብረት ሳህን ላይ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሠራል። ቀልጦ ጠጠር የሠራ ልብስ ሞቃት ካውያ አይወድም።

ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ ያደርቀዋል። የወጥ ዘይት ከመርጠቡ በፊት ፈሳሽ ሳሙና ይቀባና ትንሽ ይቆይ። በረኪና ጥለት ያለው ነገር ላይ አይደርስም፣ ሱፍና ሐርንም ይበላል። ጋቢ አይጠመዘዝም። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ጠቅልሉትና ጫን ጫን አድርጉት፣ ውሃውን ፎጣው ይጠጣዋል። ደሴ ላይ ክረምት ልብስ ሳይደርቅ ሰንብቶ ይሻግታል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥም ቢሆን አየር በሚያልፍበት አራርቃችሁ ስቀሉ። ኮምቦልቻ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ፀሐዩ ቀለም ያደበዝዛል። ገልብጣችሁ ጥላ ላይ አስጡ።

መጨረሻ ላይ የቁርጥራጭ ብርድ ልብስ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዱን ለነዋሪዋ መንገር አያስፈልግም። ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ለምኑ፣ ያረጁ ሸሚዞችንም ሰብስቡ። መጀመሪያ ሁሉንም እጠቡ። የሚኮማተረው አሁኑኑ ይኮማተር፣ ቀለም የሚለቀውም ይለይ።

17 ሴንቲ ሜትር በ17 የሆነ ካርቶን ቁረጡና በሱ ልክ 96 ጨርቅ አዘጋጁ። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 15 ይቀራል። 8 ወደ ጎን፣ 12 ወደ ታች ሲገጠም 120 በ180 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። አስሩም ተማሪ ዘጠኝ አስር ቁራጭ ቢደርሰው ነው፤ ሥራው የሚያምረውም በጋራ ሲሆን ነው። መጀመሪያ ረድፍ ረድፉን ስፉ፣ ከዚያ ረድፎቹን እርስ በርስ ግጠሙ።

ከሥር ሙሉ ጨርቅ አንጥፉ፣ መሃል ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከላይ የተገጠመውን። ሦስቱን በመርፌ ቁልፍ ያዙና ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ስፉ። ከዳር ከጀመራችሁ ሽብሽቡ መሃል ላይ ይከማቻል። ጠርዙን 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቅዳጅ ጨርቅ አጥፋችሁ ቀምቅሙት።

ሲታጠብ በጣም ይከብዳል፣ ለማድረቅም ቀናት ይፈልጋል። ሐምሌ ሳይገባ እጠቡት፤ ሁለት ሰው ይያዘው፣ ገመዱም ድርብ ይሁን።