“ኦዲት ትሬይል አለን” ማለት አይበቃም፦ በመድኃኒት ፋብሪካ ሊወገዱ የሚገቡ የዲጂታል ስህተቶች

በመድኃኒት ፋብሪካ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ቃላቱን ይለምዳቸዋል። ኤምኢኤስ፣ ሊምስ፣ ስካዳ፣ ኦዲት ትሬይል፣ ሲሪያላይዜሽን፣ ዲጂታል ትዊን። አንዱ ሲናገር ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ከስብሰባው ሲወጣ ግን እያንዳንዱ የያዘው ግንዛቤ ለየቅል ነው። ሲስተሙ ይገዛል፣ ይተከላል፤ ሥራው ግን እንደነበረ ይቀጥላል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሽተኛ ክኒኑን ከመዋጡ በፊት ውስጡን መርምሮ ማወቅ አይችልም። የሚያምነው ፋብሪካውን ነው። ፋብሪካው ደግሞ ለዚህ እምነት ብቁ መሆኑን የሚያሳየው በመዝገቡ ነው። ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ስካን የተደረገን ወረቀት እንደ ኤሌክትሮኒክ ባች መዝገብ መቁጠር

በእጅ የተሞላው የባች መዝገብ፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተ መድኃኒት (ባች) እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየው ሰነድ፣ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ይቀመጣል። ከዚያ “ከወረቀት ወጥተናል” ይባላል። አልወጣንም። ወረቀቱ ቦታ ቀየረ እንጂ።

የኤሌክትሮኒክ ባች መዝገብ የሚጠቅመው ሥራው እየተሠራ እያለ ነው። ኦፕሬተሩ 12.5 ኪሎ ስታርች መመዘን አለበት እንበል። ሚዛኑ ከሲስተሙ ጋር ተገናኝቷል። ክብደቱ ከተፈቀደው ወሰን ከወጣ ሲስተሙ ወደሚቀጥለው ደረጃ አያሳልፍም። የጥሬ ዕቃው ባርኮድ ሲነበብ ዕቃው ጊዜው ያለፈበት ወይም በጥራት ክፍል ገና ያልተለቀቀ ከሆነ እዚያው ያስቆማል። ስካን የተደረገው ወረቀት ግን ስህተቱን እንደያዘ ይቀመጣል። የሚታወቀውም ባቹ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከታወቀ።

የፊርማን ፎቶ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ማለት

የኃላፊው ፊርማ ፎቶ ይነሳል፣ ዶክመንቱ ላይ ይለጠፋል፣ ይላካል። ፎቶውን ያገኘ ሁሉ መፈረም ይችላል ማለት ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ደንብ፣ በሙያው 21 ሲኤፍአር ፓርት 11 የሚባለው፣ ጉዳዩን በግልጽ አስቀምጦታል። ፊርማው የፈራሚውን ሙሉ ስም፣ ቀንና ሰዓቱን፣ እንዲሁም የተፈረመበትን ምክንያት ማሳየት አለበት። አዘጋጀሁት ነው? መረመርኩት? አጸደቅኩት? ባዮሜትሪክ ካልሆነ ደግሞ ቢያንስ ሁለት መለያ ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ። የአንዱ ፊርማ ለሌላ ሰው አይተላለፍም።

ስለዚህ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች “ላብ1” በሚል አንድ አካውንት የሚገቡበት ሲስተም ውስጥ ፊርማ የለም። ፓስወርዱ ሞኒተሩ ላይ ተለጥፎ ከሆነማ ጭራሽ።

ኦዲት ትሬይሉ ስለበራ ብቻ ሥራው ያለቀ መምሰል

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ኦዲት ትሬይል ማን፣ መቼ፣ ምን ቀየረ፣ ቀድሞ ምን ይል ነበር፣ ለምን ተቀየረ የሚለውን ሲስተሙ ራሱ የሚመዘግብበት ነው። የድሮው ቁጥር ሳይጠፋ አዲሱ ከጎኑ ይቀመጣል። ብዙ ፋብሪካ ይህ መብራቱን ያረጋግጥና ያበቃል። የሚያነበው የለም።

ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የኤብል ላቦራቶሪስን ታሪክ ማየት ይበቃል። በኒው ጀርሲ የሚገኝ የጀነሪክ መድኃኒት አምራች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 መርማሪዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን መረጃ ከታተመው ሰነድ ጋር ሲያስተያዩ አልገጠመም። ከመስፈርት ውጭ የወጡ የምርመራ ውጤቶች ተቀይረው ያለፉ እንዲመስሉ ተደርገው ነበር። ኩባንያው ምርቶቹን በሙሉ ከገበያ ሰበሰበ፣ ከሰረም። በ2007 አራት የቀድሞ ሠራተኞች ጥፋተኛ መሆናቸውን አመኑ። ወረቀቱን ብቻ የሚገመግም ሰው ይህን አያገኘውም፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነበርና።

ታዲያ ምን ይነበብ? ሁሉንም መስመር ማንበብ አይቻልም፣ አይጠበቅምም። የኤችፒኤልሲ (የናሙናን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ የሚለካ የላብራቶሪ መሣሪያ) ውጤት የሚገመግም ሰው ቢያንስ እነዚህን ይይ፦ የተደገመ ኢንጀክሽን (ናሙናን ወደ መሣሪያው ማስገባት) አለ? ተጀምሮ የተቋረጠ ሩጫ አለ? ፒኩ (በግራፉ ላይ ንጥረ ነገሩን የሚያሳየው ጉብታ) በእጅ ኢንተግሬት ተደርጓል፣ ማለትም ስፋቱ በሰው ውሳኔ ተሰልቷል? ከሆነስ ማን ፈቀደ? “ሙከራ” ወይም “ቴስት” በሚል ፎልደር ውስጥ የእውነተኛ ናሙና ውጤት ተቀምጧል? ይህ ግምገማ ባቹ ከመለቀቁ በፊት መሠራት አለበት። በዓመት አንዴ መርማሪ ሲመጣ ሎግ ከፍቶ ማሳየት ግምገማ አይባልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦዲት ትሬይሉን የማጥፋት ሥልጣን በላብራቶሪ ኃላፊው እጅ ከሆነ ከባድ ክፍተት ነው። ኃላፊው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆኑ፣ የአድሚን መብት ከውጤቱ ጋር ጉዳይ ለሌለው ሰው፣ ለምሳሌ ለአይቲ ክፍል ይሰጥ። ታማኙንም ሰው ከሐሜት የሚጠብቀው ይኸው ነው።

ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ካላንደር፣ አንድ መዝገብ

ይህ የውጭ ማሠልጠኛ ሰነድ ላይ አይገኝም። እኛ አገር ግን በየቀኑ ያለ ነው።

ሲስተሙ 08፡40 ብሎ ይመዘግባል። ኦፕሬተሩ ሎግ ቡኩ ላይ 2፡40 ይጽፋል። ሁለቱም አልዋሹም። የውጭ መርማሪ ግን የሚያየው የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ቀኑም እንደዚያው። አንዱ 2016 ሲል ሌላው 2024 ይላል። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ሲስተሙ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም።

በጣም አደገኛው የሌሊት ፈረቃ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኦፕሬተሩ ገና አልነጋም ብሎ የትናንቱን ቀን ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቀኑን ቀይሯል። በኋላ ሲታይ ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት የተመዘገበ ወይም ወደኋላ የተሞላ ይመስላል። የመረጃ ታማኝነት መርሆች ከሚጠይቋቸው አንዱ ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት መመዝገቡ ነው። ሐቀኛ ሠራተኛ በሰዓት አቆጣጠር ብቻ አጭበርባሪ መስሎ ሲታይ ያሳዝናል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የአሠራር መመሪያው አንድ አጻጻፍ ይወስን፤ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር፣ በአውሮፓውያን ቀን፣ ወሩ በፊደል ተጽፎ። 05/04 የሚለው ሚያዝያ ይሁን ግንቦት ማንም አያውቅምና። ወረቀቱም ኮምፒውተሩም ይህንኑ ይከተሉ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ሲስተሙን የሚከተል ሰዓት ይሰቀል። ኮምፒውተሮቹ ሰዓታቸውን ከአንድ ሰርቨር ይውሰዱ። ኦፕሬተሩ የኮምፒውተሩን ሰዓት መቀየር የሚችል ከሆነም ይዘጋ። ዕቃው ከውጭ ሲመጣ በአምራቹ አገር ሰዓት ተሞልቶ ሊመጣ ስለሚችል ገና ሲተከል ይታይ።

“ሶፍትዌሩ ቫሊዴት ተደርጎ ነው የመጣው”

ሻጩ ሰርተፍኬት ሊሰጥ ይችላል። ሰርተፍኬቱ የሚናገረው ስለ ሶፍትዌሩ ነው። ቫሊዴሽን ግን ሶፍትዌሩ በእናንተ ኮምፒውተር፣ በእናንተ ቅንብር፣ በእናንተ ሠራተኛ እጅ ለታሰበለት ሥራ መብቃቱን በማስረጃ ማሳየት ነው። የሻጩን ሰነድ መጠቀም ይቻላል፣ ድካም ይቀንሳል። ኃላፊነቱ ግን አይተላለፍም። ውጤት የምታሰሉበት የኤክሴል ፋይልም ከዚህ አያመልጥም። ፎርሙላው ያልተቆለፈና ያልተፈተሸ ኤክሴል ስንት ባች እንዳሳለፈ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሲስተሞቹን ማምታታት

ይህ በአጭሩ ያልቃል። ኢአርፒ ግዢን፣ ክምችትንና ሒሳብን ይይዛል። ኤምኢኤስ የምርት ክፍሉን ሥራ ደረጃ በደረጃ ይመራል። ስካዳ ማሽኖቹን ይከታተላል፣ ይቆጣጠራል። ሊምስ የላብራቶሪውን ናሙናና ውጤት ይይዛል። “ኢአርፒ ስላለን ኤምኢኤስ አያስፈልገንም” የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ግራኑሌተሩ (ዱቄቱን ወደ ጥራጥሬ የሚቀይረው ማሽን) ትናንት በስንት ፍጥነት እንደሠራ ኢአርፒው ይነግረናል?

ባክአፕ አለ ብሎ መተኛት

እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2017 ኖትፔትያ የተባለው የሳይበር ጥቃት መርክን መታው። ከዓለም ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች አንዱ ነው። ምርት ተስተጓጎለ። ኩባንያው የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን የጋርዳሲል ክትባት ፍላጎት ለማሟላት ከአሜሪካ መንግሥት መጠባበቂያ ክምችት እስከ መበደር ደረሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ፣ ባክአፑን ከዋናው ሰርቨር ጋር በአንድ ኔትወርክ ማስቀመጥ ነው፤ ቫይረሱ ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ሌላው፣ ባክአፕ ይወሰዳል እንጂ ተመልሶ እንደሚከፈት አለመሞከር ነው። የአምስት ዓመት የኤችፒኤልሲ መረጃ በሐርድ ዲስክ ይዞ፣ የሚከፍተው የድሮ ሶፍትዌር ግን አብሮ ከተወገደ፣ መረጃው እንደሌለ ነው። በየጊዜው አንድ የቆየ ባች ምረጡና ከባክአፑ አውጥታችሁ ክፈቱት።

ዲጂታል ትዊን ቶሎ መመኘት

ባለ ሦስት አቅጣጫ ሥዕል ዲጂታል ትዊን አይደለም። ትዊን የሚባለው ከእውነተኛው ማሽን መረጃ እየተቀበለ አብሮት የሚለወጥና ሊሆን ያለውን የሚተነብይ ሞዴል ነው። የሙቀት መለኪያው የካሊብሬሽን (ልኬቱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጥበት) ጊዜ ካለፈበት ሞዴሉም የሚማረው ስህተት ነው። መጀመሪያ መለኪያዎቹ ይስተካከሉ።

ባርኮድ ስላለ ሲሪያላይዜሽን አለ ማለት

የባች ቁጥር ለሺዎች ካርቶን አንድ ነው። በሲሪያላይዜሽን ግን እያንዳንዱ ፓኬት የራሱ ብቻ የሆነ ቁጥር አለው። ጂኤስ1 የተባለው ዓለም አቀፍ የባርኮድ ደረጃ አውጪ ድርጅት ዳታማትሪክስ (ባለ አራት ማዕዘን ኮድ) አራት ነገር ይይዛል፦ የምርቱን መለያ፣ የባች ቁጥሩን፣ የማብቂያ ጊዜውንና ይህን ልዩ ቁጥር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 9 ቀን 2019 ጀምሮ ለአብዛኛው በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ይህን ግዴታ አድርጓል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም የጂኤስ1ን ደረጃ መሠረት ያደረገ የመድኃኒት ክትትል ሥርዓት ይዞ እየሠራ ነው።

ማተም ግን ግማሹ ሥራ ነው። መስመሩ ላይ የተበላሸ ካርቶን፣ ለጥራት ምርመራ የተወሰደ ናሙና፣ ለማኅደር የተቀመጠ ፓኬት ቁጥራቸው ከሲስተሙ መሰረዝ አለበት። ካልተሰረዘ ቁጥሩ እንደ ሕያው ምርት ይቆያል። አስመሳይ ነጋዴ ከቆሻሻ መጣያ ያገኘውን ካርቶን ቢጠቀምበት ፋርማሲው ሲያነበው ትክክለኛ ነው ይለዋል። ስለዚህ የማሸጊያ መስመሩ ፈረቃ ሲዘጋ የታተመው፣ የተላለፈው፣ ናሙና የሆነውና የተወገደው ቁጥር ተደምሮ ይመሳከር። አንድ እንኳ ቢጎድል ካርቶኑ የት እንደገባ ሳይታወቅ ባቹ አይለቀቅ።