ደሴ ስትመጡ አይጠየፍን እንዴት ትጎበኛላችሁ? ከግቢው ጀምሩ

ወሎ የዘፈን አገር ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ አካባቢ ስም ነው። ትዝታንም ቢሆን ከወሎ ለይቶ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። እነ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰን ያወጣው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን መቀመጫውም ደሴ ነበር። ስለዚህ እንግዳ መጥቶ «የዘፈኑ ቤት የት ነው?» ቢለኝ አይጠየፍን ነው የማሳየው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር፣ ማለትም የንጉሥ ድግስ፣ አዳራሽ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ግብር ያለ አዝማሪ አይደምቅም።

ብዙ ጎብኚ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ይገባል፣ ሁለት ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። ያሳዝነኛል። ግቢውን ያላየ ሰው ቤቱን አላየም።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ጉምና ጭቃ ነው። ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ወቅት ግን ልዩ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሣሩም ገና አረንጓዴ ነው። ጠዋቱ ይበርዳልና ጃኬት ወይም ጋቢ ያዙ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በመኪና ሙሉ ቀን መድቡለት። በአውሮፕላን የሚመጣ ኮምቦልቻ ወርዶ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ይወጣል። መስኮት ሥር ተቀመጡ፤ ቁልቁል የሚታየው ሜዳ ሌላ ጉብኝት ነው።

ቀጥሎ ፈቃድ። መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጎራ በሉና ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ስለማይሠራ ዓርብ ጠዋት ብትጨርሱት ይሻላል። ከዚያ ባጃጅ ይዛችሁ «አይጠየፍ» ማለት ይበቃል። በሩ ላይ ጥበቃውን በደንብ ሰላም በሉ፣ ጉዳያችሁን ተናገሩ፣ ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነም ካሜራው ሳይወጣ ጠይቁ። «አብሽሩ፣ ግቡ» ከተባላችሁ በኋላ ግን አትቸኩሉ።

አሁን ዋናው ሥራ ይጀምራል። ከአዳራሹ ራቅ ብላችሁ ዙሩት። በሮቹን እዩ፤ ሰው በየት ይገባ፣ ወጡስ በየት ይመጣ እንደነበር አስቡ። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ተክል መልሱ። የድሮ ድግስ ከጓሮ ነው የሚጀምረው። ደሴ ውስጥ በየትኛውም አሮጌ ግቢ ስትዞሩ ሦስት ተክሎችን ፈልጉ።

አንደኛው ጌሾ ነው። ቁጥቋጦ ነው፣ ቅጠሉ ያብለጨልጫል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ። ጌሾ ከሌለ ጠጅ የለም፤ ጠጅ ከሌለ ደግሞ ግብሩም ጭር ይላል። ጠጅ ለማይጠጣው ብርዝ ይቀርባል። ክርስቲያንና ሙስሊም ተዋልዶ በሚኖርበት ወሎ ይህን የማያውቅ ደጋሽ የለም።

ሁለተኛው ወይራ ነው። አንድ ቅጠል አንሱና ገልብጡት። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጀርባው ግን ወርቃማ ቡኒ። ጋኑና ገንቦው የሚታጠነው በወይራ ጭስ ነው። ጠላው አፍ ላይ ሲደርስ የሚሸተው ያ ጭስ ነው።

ሦስተኛው ኮሶ ነው። የሴቴዋ አበባ ቀላ ብሎ እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ኮሶ ግድ ነበር፤ አበባው ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። የድግሱ መድኃኒትም እዚያው ደጅ ይበቅል ነበር ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከብዙ የታሪክ ሰሌዳ ይልቅ እነዚህ ሦስቱ ስለ ግብር የበለጠ ይነግሩኛል።

ባሕር ዛፍ ካያችሁ ደግሞ ዘመን ለመገመት ተጠቀሙበት። ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ጽድ ግን የራሳችን ነው፣ እድገቱም ዝግ ያለ ነው። ግንዱ ወፍራም የሆነ ጽድ ብዙ ነገር አይቷል።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ግቡ። መሐል ላይ ቁሙና ዝም በሉ። ማይክ በሌለበት፣ ሕዝቡ እየበላና እየተጫወተ፣ አንድ አዝማሪ በአንድ ማሲንቆ ራሱን ማሰማት ነበረበት። ማሲንቆ ደግሞ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። ከመምጣታችሁ በፊት አራቱንም ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በስልካችሁ ጫኑ፤ አንድ አንድ ዘፈን ከየቅኝቱ ይበቃል። ጥበቃው ከፈቀደ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። ሁሉም በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፣ ስሜታቸው ግን አይገናኝም። አምባሰልን እዚያ ቆሞ መስማት ሆድ ያባባል።

ስለ ባለቤቱ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ንጉሥ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ ነበሩ። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ፣ በ1906 የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተባሉ፣ በጥቅምት 1909 በሰገሌ ጦርነት ተሸነፉ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። የቀረውን ከአገሬው ሽማግሌ ስሙ። «ታሪኩን ይንገሩን» ካላችሁ አጭር መልስ ታገኛላችሁ። «አባባ፣ ድሮ ድግስ ሲኖር ውኃው ከየት ነበር የሚቀዳው? እንጨቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ወሬው አያልቅም።

ጊዜ ከተረፋችሁ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረውን የደሴ ሙዚየም ጨምሩ። በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏልና የተረፈውን ስታዩ የጠፋውንም ጠይቁ።

ማታ አዝማሪ ያለበት ቤት ግቡ። ዝም ብላችሁ አትስሙ፤ ግጥም ስጡ። «ተቀበል!» ብላችሁ ሁለት ስንኝ ወርውሩለት፣ እሱ ተቀብሎ ያሳምረዋል። ሽልማቱን ቀድማችሁ ዘርዝራችሁ ያዙ።

ጉብኝታችሁ እሁድ ካለቀ ሰኞን ለባቲ ተዉት። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው፤ ደገኛው ከአፋርና ከኦሮሞ ጋር የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። በኮምቦልቻ በኩል በጠዋት ውረዱ፣ ጃኬቱን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ ውኃ ያዙ። እዚያ ሙቀቱ ሌላ ነው።