ፈረሱ ሸራው ፊት ሲገተር፦ በእግር እየመሩ መሰናክል የማሳለፍ ችግርና መፍትሄ

ልባብ ማሰር፣ በግራ በኩል መቆም፣ ከመነሳት በፊት ሰኮና ማየት፤ እነዚህን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። የምጽፈው ጃን ሜዳ ጥግ ላይ ስድስት አጣና፣ አንድ ሸራና አንድ የእንጨት ድልድይ ዘርግተው “ፈረሴ እምቢ አለኝ” እያሉ ለሚጠሩኝ ሰዎች ነው።

ሸራው ጋ ሲደርስ ይገተራል

ሁለት ሜትር ሲቀረው ቀጥ ይላል። ጆሮውን ያቆማል፣ አንገቱን ይሰቅላል፣ በአፍንጫው ፉፉ ይላል። ያኔ መሪው ዞሮ ፊት ለፊቱ ይቆምና በሁለት እጁ ይጎትታል። ሰውየው ወደ ራሱ፣ ፈረሱ ወደ ራሱ። ሁለት ኩንታል ከሚያልፍ እንስሳ ጋር ገመድ ጉተታ ገጥሞ ያሸነፈ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አስር ጊዜ ብጠራ ዘጠኙ ይሄው ነው። ጥፋቱ የሸራው አይደለም፣ የፈረሱም አይደለም። የተወጠረው ገመድ ነው። የፈረስ ዓይን ጎንና ጎን ስለሆነ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። ከአፍንጫው ስር ያለውን ግን አያይም። መሬት ላይ ያለ ነገር ለማጣራት ራሱን ዝቅ ማድረግ አለበት። እናንተ ደግሞ ገመዱን ወጥራችሁ “ራስህን አታውርድ” እያላችሁት ነው። በዚያ ላይ መንገዱን ዘግታችሁ ዓይኑ ላይ ታፈጣላችሁ። ለፈረስ ይሄ “አትምጣ” ማለት ነው። እጃችሁ ና ይለዋል፣ ሰውነታችሁ ሂድ ይለዋል። ምን ያድርግ?

አንድ የካቲት 23 ማለዳ ከአንድ ጎረምሳ ጋር የአባቱን ፈረስ እየመራን ከጃን ሜዳ ወደ ምኒልክ አደባባይ እንወርዳለን። ፈረሱ ሸራ ላይ በደንብ የሰለጠነ ነው። አራት ኪሎ ስንደርስ ግን ዜብራው ላይ ቀጥ አለ። ነጭ ቀለም ብቻ! ልጁ ይጎትታል፣ ከኋላችን ሚኒባስ ጥሩንባውን ያምባርቃል፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ “ፋዘር፣ ግፉት እንጂ!” ይለኛል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ማንሳት ጀምሯል። ገመዱን ተቀብዬ አላላሁት። ሌላ ምንም አላደረግሁም። አንገቱን ጣለ፣ ቀለሙን አሸተተ፣ አንዴ ፍርርር አለና እንደ ሰው ተሻገረ። ልጁ “ጋሼ፣ ምን ብለውት ነው?” አለኝ። ጊዮርጊስ ስንደርስ ሐውልቱን አሳየሁት። በኋላ እግሩ መቆም የሚያምርበት ያ የነሐሱ ፈረስ ብቻ ነው፤ ያንተ መሬት ላይ ይቆይልህ አልኩት።

መፍትሄው ይሄ ነው። አንገቱና ትከሻው መሃል ጎኑን ይዛችሁ ቁሙ። ፊታችሁ ወደምትሄዱበት ይሁን፣ ዓይናችሁም ከሸራው ማዶ። ገመዱ መሃሉ እስኪረግብ ልቀቁለት። ካሸተተ ሥራ ላይ ነው፣ አትቸኩሉ። ወደ ኋላ ካፈገፈገ አብራችሁት ሂዱና እንደገና ወደፊት ጋብዙት። ከዚያ በገመዱ ቀስ ብላችሁ ወደፊት ጫና ታደርጋላችሁ፤ አንድ እግር ወደፊት ባነሳ ቅጽበት ጫናው ይቁም። የሚማረው ከጫናው ሳይሆን ከመቆሙ ነው። እዚህ ላይ ግማሽ ሴኮንድ ያዘገየ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ይውላል።

አሁንም እምቢ ካለ ሸራውን ለሁለት ከፍላችሁ ዘርጉና በመሃል ባለው ባዶ መሬት አሳልፉት። ከዚያ ክፍተቱን በስንዝር በስንዝር አጥብቡ። ጠርዙ ላይ አፈር ጫኑበት። ነፋስ አንስቶ ሆዱን በሸራ የመታው ፈረስ የሳምንት ሥራችሁን በአንድ ጊዜ ያፈርሰዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ያመነታ ፈረስ ከመራመድ ይልቅ ሸራውን ሊዘለው ይችላል። የሚያርፈው ደግሞ ፊቱ የቆመው ሰው ላይ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ገመድ እጃችሁ ላይ አትጠቅልሉ። አጣጥፋችሁ ያዙት። ደግሜ እላለሁ፣ አትጠቅልሉ። ፈረሱ ሲፈረጥጥ ጥቅልሉ ይጠብቃል፣ ጣትም ክንድም ይዞ ይሄዳል። ቀጭን ናይሎን ገመድም ተዉት። መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ የሱ ነው። ወፍራም የጥጥ ገመድ፣ ሦስት ሜትር ግድም፣ ይበቃል። ገመዱን ከልባቡ ጋር የሚያያይዘውን፣ የሚያብረቀርቀውን ርካሽ መንጠቆ ደግሞ ለቁልፍ መያዣ አድርጉት። በአንድ ወር ሦስቱ እጄ ላይ ተሰብረዋል።

ከግራ ሆናችሁ ካሳለፋችሁት በኋላ በቀኝ በኩል ሆናችሁም ድገሙት። ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነገር ያየዋል። ከጥምቀት ማግስት ሜዳው ላይ የሚቀረው ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ደግሞ ነጻ ልምምድ ነው።

አጣናውን ይመታል

በአጣናዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ከቪዲዮ ቀድታችሁ ነው። እዚያ የሚታዩት ረጃጅም ፈረሶች ናቸው፤ የኛዎቹ አጭር ናቸው፣ እርምጃቸውም አጭር ነው። ለስላሳ አፈር ላይ አራምዱት፣ በግራና በቀኝ የፊት ሰኮናው ዱካ መካከል ያለውን ለኩ፣ አጣናውን በዚያ ዘርጉ። ሁለቱንም ጫፍ በችካል ያዙ። ክብ እንጨት ሲረገጥ ይንከባለላል፣ ቁርጭምጭሚትም ይሄዳል።

ወደ ኋላ ሲመለስ ይጣመማል

ራሱ ወደ ግራ ሲዞር ቂጡ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቂጡን የምታስተካክሉት ራሱን በማዞር ነው። ሁለት እርምጃ፣ ቆም፣ ሁለት እርምጃ።

እግራችሁን ይረግጣል

ወደ ራሳችሁ እያዞራችሁት ነው። ወደ ውጭ አዙሩት፣ እናንተ በውጭው ዙሩ።

ድልድዩ ላይ ይደነግጣል

ድምፁ ነው። ስር ያለውን ባዶ ቦታ አፈር ሙሉበት። የሚነቃነቅ ጣውላ ካለ ግን ልክ ፈረሱ ነው።

የክረምት ውሃ አይረግጥም

ጥልቀቱን አያውቅም። እናንተም አታውቁም። መጀመሪያ በዱላ ለኩት፤ መሃል ከተማ ላይ ኩሬ መስሎ ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ሆኖ የተገኘ አይቻለሁ።

ትናንት ያለፈውን ዛሬ እምቢ ካለ

ሰኮናው ውስጥ ጠጠር ፈልጉ። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ የሚበረግግ ከሆነ የዚያን ጎን ዓይን እዩ፤ ነጣ ያለ ነገር ካለበት መሰናክሉን ሰብስባችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።