የዲኤክስ ኮሮላን መሪ በሌላ መሪ መለወጥ

ዲኤክስ የሚባለው የ1980ዎቹ ኮሮላ ኤርባግ የለውም፤ ስለዚህ መሪውን መቀየር በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ሌላ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ግን አትጀምሩት። ኤርባጉን ማውጣት የሾፌሩን ደረት ያለ መከላከያ ይተወዋል፤ የዳሽቦርዱን የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራት በሬዚስተር ማጥፋትም መብራቱን እንጂ አደጋውን አያጠፋም።

መሪ ገዝቶ አዳፕተር፣ ማለትም አዲሱን መሪ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ብረት፣ መፈለግ የተለመደ ስህተት ነው። መጀመሪያ አዳፕተሩን አግኙ። በአንድ ወገኑ ያሉት ጥርሶች ከመሪው ዘንግ ጥርሶች ጋር ልክ መግጠም አለባቸው፤ በሌላው ወገን ደግሞ መሪው የሚታሰርባቸው ስድስት ቀዳዳዎች አሉ። ሞሞ፣ ስፓርኮና ኦኤምፒ የሚባሉት የመሪ ብራንዶች በአብዛኛው ቀዳዳቸው በ70 ሚሊሜትር ክብ ላይ ነው፤ ናርዲና ፐርሰናል በ74። ልዩነቱ ትንሽ ስለሚመስል ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ የሚያሰፉ አሉ። ያን ጊዜ የብሎኑ ራስ የሚይዘው ቀጭን ጠርዝ ብቻ ይሆናል፤ በኃይል ሲታጠፍ ሊሾልክ ይችላል። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ስትሄዱ የድሮውን መሪ ይዛችሁ ሂዱና ጀርባውን ከአዳፕተሩ ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ። ጥርሱ የተበላ ወይም ብየዳ የነካው አዳፕተር በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

የመሪው ስፋትም ይታሰብበት። ዲኤክስ መሪው በጉልበት የሚዞር መኪና ነው። 380 ሚሊሜትር የነበረ መሪ ወደ 350 ሲወርድ እጅ የሚያወጣው ጉልበት በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ወደ 320 ከወረደ በ19 በመቶ። ጠባብ ቦታ ላይ ስታቆሙ ክንዳችሁ ይነግራችኋል። ከ350 ባትወርዱ ይሻላል።

የሚያስፈልገው ባለ 19 ቡሶላ ከማራዘሚያው ጋር፣ ካቻቢቴ፣ የ3 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ፣ የመሪ መንቀያ፣ ማርከርና ጥቂት ግሪስ ነው። የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቶርክ ቁልፍ ካለ ደግሞ እሰየው።

መኪናውን ጥቂት ሜትር ቀጥ አድርጋችሁ ነድታችሁ አቁሙ፤ ከቆመ በኋላ መሪውን አትንኩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። የክላክሱ መሸፈኛ በአንዳንዱ መሪ ከጀርባ በብሎን ታስሯል፣ በሌላው ወደ ራስ ሲሳብ ይወጣል፤ ሽቦውን ሳትበጥሱ አላቁት። መሪውን ዘንጉ ላይ የያዘውን የመሀሉን ዳዶ ስትፈቱ መሪውን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። በቁልፉ መቆለፊያ ላይ ተማምናችሁ ከታገላችሁት የመቆለፊያው ፒን ይሰበራል።

ዳዶውን ጨርሳችሁ አታውጡት፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ላይ ተዉት፤ መሪው ድንገት ቢላቀቅ ፊታችሁን አይመታም። የዘንጉን ጫፍና የመሪውን እምብርት የሚያገናኝ መስመር በማርከር አስምሩ። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ ሳቡት። እምቢ ካለ መንቀያውን እምብርቱ ላይ ባሉት ሁለት ባለጥርስ ቀዳዳዎች አስራችሁ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ዘንጉን በመዶሻ መምታት ፈጽሞ አይሆንም። የዘንጉ ጥርስ ይበላሻል፤ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ በፕላስቲክ ፒን የተያያዘ ዘንግ ከሆነ ደግሞ ፒኑ ተቆርጦ ዘንጉ መወዛወዝ ይጀምራል።

አዳፕተሩን ከማስገባታችሁ በፊት ጀርባውን በደንብ ተመልከቱ። ፍሬቻን የሚመልሱት ጉጦች ከፍሬቻው ማብሪያ ክፍተት ጋር መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ፍሬቻው ከመታጠፊያ በኋላ አይመለስም፤ በግድ ከተጫኑ ደግሞ ፕላስቲኩ ይሰበራል። የክላክሱን የመዳብ ቀለበት በስሱ ግሪስ ቀቡት፤ ደረቅ ከሆነ ይንጫጫል፣ የሚነካውንም ስፕሪንግ ቶሎ ይበላዋል።

አዳፕተሩን በምልክቱ ልክ አስገቡና ዳዶውን አጥብቁ። ለዚያ ዘመን ቶዮታዎች 34 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ 30 ሳንቲሜትር እጀታ ያለው ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ11 እስከ 12 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። አዲሱን መሪ አዳፕተሩ ላይ አስቀምጣችሁ ስድስቱን ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በአለን ቁልፍ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ እሰሩ። እነዚህ ባለ 5 ሚሊሜትር ቀጫጭን ብሎኖች ናቸው፤ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ከበለጠ ይላጣሉ።

ከክላክሱ ቁልፍ የሚወጣው አንዱ ሽቦ ከቀለበቱ፣ ሌላው ከመሪው ብረት ጋር ይገናኛል። ባትሪውን ስትመልሱ ክላክሱ ያለማቋረጥ ከጮኸ የቀለበቱ ሽቦ ብረት ነክቷል። ጭራሽ ካልጮኸ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ቀለም ነው፤ ብሎኑ የሚያርፍበትን ጥቂት ፋቁለትና ግራውንድ ያገኛል።

ሰው በሌለበት ሜዳ መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም በኩል አዙሩ፤ የሚነካው ወይም የሚይዘው ነገር አይኑር። ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ስድስቱን ብሎኖች እንደገና ፈትሹ። መኪናው ቀጥ እያለ እየሄደ መሪው ዘንበል ካለ አዳፕተሩን አውጥታችሁ በአንድ ጥርስ አዙሩት። በዚያም ካልተስተካከለ ልኩ በሁለት ጥርሶች መሀል ወድቋል፤ የሚስተካከለው አላይመንት ሲሠራ ነው፤ ለሠራተኛው መሪው መሀል ላይ ታስሮ እንዲጀምር ንገሩት።