ቅድመ አያቴን ፍለጋ፦ ከሂርማታ ገበያ እስከ ወረቀት

ቅድመ አያቴ ጣሊያን ጅማ ሲገባ ሂርማታ ገበያ ቡና ይነግድ ነበር። የነገረችኝ አያቴ ናት። እናንተም የዘር ሐረጋችሁን ስትፈልጉ ከመዝገብ በፊት ከሽማግሌ ጀምሩ። ቡና ይፈላ፣ ድምፅ ቅረጹ፣ ወሬያቸውን አታቋርጡ።

መጀመሪያ ስሙን ጠይቁ። ስሞቹን ብል ይሻላል። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። ጅማ ላይ ደግሞ የፈረስ ስም አለ፣ ሰው "አባ" ተብሎ በፈረሱ የሚጠራበት፤ አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው። እኔ ወራት ሙሉ በፈረስ ስሙ ስፈልገው ከረምኩ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን መጠሪያ ስሙ ነበር።

ከዚያ የቤቱን ሳጥን ክፈቱ። የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ውል፣ የቁርዓን የመጨረሻ ባዶ ገጽ ሳይቀር እዩ። የልጆች ልደት እዚያ ላይ የሚጻፍበት ቤት አለ።

የኛ ደረሰኝ አራት ቦታ ታጥፏል፤ ቀለሙ ደብዝዟል። ለብርሃን መስኮት ላይ ሳስደግፈው በሮማ ቁጥር 16 (XVI) ታየኝ። የፋሺስቶች ዓመት ነው፤ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ይቆጠራል። ስለዚህ 16ኛው ዓመት በአብዛኛው የኛ 1930 ላይ ይውላል። የዓረብኛ ጽሑፍ ከሆነ ሒጅራ ይሆናል፤ ሒጅራ 1350 የጀመረው በኛ ግንቦት 1923 ነው። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታውቁ ዓመት አትመዝግቡ።

ጣሊያኖች "ጀ"ን የሚጽፉት በ"ጂ" (G) ፊደል ነው፤ ጅማንም Gimma ብለው። ስሙን በዚያ አጻጻፍም ፈልጉት።

አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ስትሄዱ ኮፒውን ያዙ። ዋናው ቤት ይቅር።